ግድግዳዬን ሳላፍር አስፈለፈልኩት

ኅዳር 3

አለፈ! የእንግዳ ማረፊያዬ አለፈ! ተቆጣጣሪው ዛሬ የመብራት ዝርጋታውን አይቶ «እንከን የለውም» ብሎ ፈረመልኝ። ደስታው እንዳለ ሆኖ ንዴቴ ግን አልበርድ አለኝ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የባሌ የአክስት ልጅ ነው። ባለፈው ወር ገመዱን ያለ ቱቦ፣ እንዲሁ ራቁቱን ግድግዳ ውስጥ ሊቀብረው ነበር።

«ኧረ እትዬ፣ ልስን ከለበሰ ማን ያየዋል?»

«አይጥ ታየዋለች! የኩሽናው እንፋሎት ያገኘዋል! ፎቅ ላይ የሰው ልጅ ተኝቶ ቢቃጠል አንተ ትመልስልኛለህ?»

ባሌ ደግሞ «ዘመድ ነው፣ አታሳፍሪኝ» ይለኛል። እኔ እቴ! ግድግዳውን በመሮ አስፈልፍዬ ቱቦ አስገባሁ።

ዛሬ ተቆጣጣሪው የገመዱን ጫፍ ሲስበው በቱቦው ውስጥ ተንሸራቶ መጣለት። «ጎበዝ! ማን መከረህ?» ብሎ ሠራተኛውን ቢጠይቀው፣ ያ ዐይን አውጣ «ቱቦ ካልገባ ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነኝ» ብሎት እርፍ!

ባሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ተይው፣ አለፈ አይደል?» አለኝ። አልተወውም። ቄሱ መጥተው ቤቱን ይባርኩልኛል፤ ጎረቤቱም፣ የገነተ ማርያም ዘመዶቼም ይመጣሉ። ያ የአክስቱ ልጅም ይመጣል፤ ቱቦውን ማን እንዳስገባው በሰው ፊት ይናገራታል። ጾም ሳይገባ፣ ለኅዳር ሚካኤል፤ ማንም እንዳይቀር!