አንተ በምትሠራበት ቤት እንግዳ ሆነን

ለምወድህ ወንድምዓለም፣

እንደምን አለህ? ጤናህስ? ያ ሲያስጨንቅህ የከረመው ሳል ተወህ? እዚያ ብርድ የለም ብዬ አምናለሁ፤ ካለ ግን ወፍራሙን ሹራብህን እኔ ስለለበስኩት ይቅር በለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ከተለየኸኝ ሁለት ወር ሊሞላህ ነው፤ ደህና ነኝ ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነውና እመነኝ።

አክስታችን ከቀብርህ ቀን ጀምሮ እዚሁ ክፍላችን ከእኔ ጋር ነበረች። የምትተኛው አልጋህ ላይ ነበር። ስታንኮራፋ አንተን እንኳ ታስንቃለች። ግን ከመጣች ጀምሮ ሐሳቧ አንድ ነበር፤ እኔን ይዛ ወደ ቤቷ መመለስ። «ኪራዩንስ እኔና አጎትህ እንችለዋለን፤ ማን ያበላሃል? አጥንትህ ተቆጥሮ እያየሁ ጥዬህ ብሄድ ሰው ምን ይለኛል?» ትላለች። እኔ ደግሞ ትምህርቴን እዚሁ መጨረስ እፈልጋለሁ፤ የቀረኝ አንድ ዓመት ነው። ግን አልፈርድባትም፤ ካረፍክ ወዲህ እህል አልወርድልኝ ብሎ ነበር። በመጨረሻ «ስትበላ በዓይኔ ካየሁ እተውሃለሁ፤ አለዚያ ሻንጣህን አዘጋጅ» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ።

ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ የግሪኩ ምግብ ቤታችሁ ሼፍ ምሳ ጋበዘን። ስንት ጊዜ እወስድሃለሁ ብለኸኝ አንድም ቀን አልተመቸህም ነበር። ግድግዳው ነጭ፣ ጠረጴዛው ያለ ጨርቅ፣ ወጥ ቤቱ ከመስታወት ጀርባ፤ ልክ እንዳወራኸኝ ነው። አስተናጋጇ ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ምልክት አሳይታን የምግቡን ዝርዝር በስልካችሁ እዩት ስትል፣ አክስታችን ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ምሳ ተጋብዤ ስልኬን ላስረክብ?» አለች። ኦክቶፐስ የሚሉት ባለ ስምንት እግር የባሕር እንስሳ ሲመጣ ደግሞ ሹካዋን አስቀምጣ «እግር ብቻ? ሌላውን ማን በላው?» ብላ ጠየቀች። አስተናጋጇ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ሼፉ ሊያጽናናን ከወጥ ቤት ወጣ። እዚያ ሁሉም «ዝምተኛው» ይሉህ ነበር አለን። አንተን! እኔና አክስታችን ተያየን። መብራት ከጠፋ በኋላ እንኳ አፍህ የማይዘጋ ሰው! የምታወራው ስለ ታናሽ ወንድምህ ብቻ ነበር አሉ፤ ፊዚክስ መውደቄን ጭምር። እሱን እንኳ አክስታችን ፊት ባያነሳው ምን ነበረበት?

ከዚያ ዓሣው ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ መጣ። እዚያ ቤት አጥንቱን እንግዳው ፊት የምታወጣው አስተናጋጇ ናት። ማንኪያዋን ስታነሳ፣ እኔ ልሥራው አልኳት። ቤት ይዘህ ትመጣ በነበረው ዓሣ እንዳስተማርከኝ፣ በጀርባው ከፍቼ፣ ላይኛውን ሥጋ ገልጬ፣ አከርካሪውን ከጅራቱ ይዤ ብድግ አደረግሁት። አንድም እሾህ አልቀረም። ቀና ስል የወጥ ቤቱ ሰዎች በሙሉ ሥራቸውን ትተው በመስታወቱ ያዩኛል። ያንተ ምድጃ ላይ አሁን የሚሠራው ልጅ ብቻ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ለአክስታችን ቆረስኩላት፤ ከዚያ እኔም ቀመስኩ። ወንድምዓለም፣ ወረደልኝ። ሁለተኛውን ጎንም በላሁት፤ በዳቦ ዘይቱን ጠረግሁት። አክስታችን «ሎሚው ዓይኔ ገባ» ብላ ፊቷን አዞረች። ሎሚው እኔ ጋ ነበር። ከዚያ ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? ሳህኖቹን ሰብስባ ደራርባ ተነሳች! «የልጄ መሥሪያ ቤት በልቼ እጄን አጣጥፌ ልውጣ?» እያለች ወደ ማጠቢያው ስትገሰግስ፣ አስተናጋጇ በአንድ በኩል ሼፉ በሌላ በኩል እየለመኑ ተከተሏት። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ቤት ስንገባ ሻንጣ ስታወርድ ድንግጥ አልኩ። የሞላችበት ግን የራሷን ልብስ ብቻ ነው። «ፊዚክሱን አስተካክል» አለችኝ፤ ትናንት ሄደች።

እዚያ አባባን ጉልበቱን ሳምልኝ፤ ቁመቴ እሱን ሊያልፍ ነው በለው። እማማን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ስለ መክሳቴ ግን አትንገራት። አያታችንንም ደህና ነዎት ወይ በልልኝ፤ ካንተ ወሬ ጆሯቸውን እግዜር ይጠብቅላቸው።

ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። አልጋህን አነጠፍኩ። ዩኒፎርሜን ስተኩስ አንገቱን ትንሽ አቃጠልኩት። ሁለት እንቁላል ጠበስኩና ቆሜ ልውጠው ስል፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ቀስ ብዬ በላሁት። በሩን ቆልፌ ስወርድ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ እንዴት አደርክ አሉኝ። ደህና አልኳቸው፤ ቁርሴንም በልቻለሁ አልኳቸው፣ ሳይጠይቁኝ።

ታናሽ ወንድምህ
ከትምህርት ቤት፣ በዕረፍት ሰዓት
ሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን