አንገትዎ ላይ ስለተንጠለጠለው የጋራዥ ሪሞት

ለተከበሩ አቶ እንዳላማው ፍቅረ ሥላሴ
የወይራ ምንጭ ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ወይራ ምንጭ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ እኔና ባለቤቴ የብርጓልም ከእርስዎ ጤና ጣቢያ ደጅ ደርሰን በሕይወት ከተመለሱት መካከል በመሆናችን ፈጣሪን እያመሰገንን እንገኛለን። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ መስጠት ሲገባኝ በአምቡላንሱ ጋራዥ በር ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ንፋስና ፍየል ይፈራረቁበታል፤ ይህ በር ግን በእርስዎ ዘመን ባለመንቀሳቀሱ አገር የመሰከረለት ስለሆነ፣ ገበያተኛው ተረጋግቶ እንዲያነብልኝ ከሌላው ቦታ ሁሉ እሱን መርጬዋለሁ።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ አበረ ወልደ ገብርኤል እባላለሁ። በልጅነቴ ጥቂት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ፤ አሁን ከወንዝ ማዶ አርሼ የማድር የቀበሌያችን የቃሬዛ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። መኪና በማይገባበት በእኛ በኩል ሰው ሲታመም ወይም ሴት ምጥ ሲጠናባት፣ ማኅበርተኛው ትከሻ እየተቀያየረ እስከ እርስዎ ደጅ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው መንገድ የአምቡላንሱ ድርሻ ነው ብለው፣ አምቡላንሱ የገባ ጊዜ እርስዎ ራስዎ በጭብጨባ ነግረውን ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ሪሞቱን ከሾፌሩ ከምናለ እጅ ወስደው በራስዎ አንገት ላይ ስላንጠለጠሉት አመሰግናለሁ። እንደሚታወቀው ጋራዡ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሲወጣ ለጤና ጣቢያው ትቶት የሄደ ነው፤ በሩም ጣሪያው ላይ በተሰቀለ አሮጌ ሞተር ወደ ላይ የሚሳብ፣ ከውጭ በሪሞት እንጂ በሌላ የማይከፈት ነው። የቀረችው ሪሞት ደግሞ አንዲት ብቻ ነበረች። ምናለ በአምቡላንሱ የዘመዱን ሽንኩርት ጫነ ተብሎ በተወራ ማግስት፣ ሪሞቷን ተቀብለው ከማተብዎ ክር ጋር አስረው አጠለቋት። እውነት ለመናገር ከዚያ ወዲህ አምቡላንሱ ሽንኩርት አልጫነም። በሽተኛም እምብዛም አልጫነም፤ ምክንያቱም እርስዎ ስብሰባ ሲሄዱ በሩም አብሮዎት ስብሰባ ይሄድ ነበር።

፪ኛ. በጳጉሜን ጠበል ሲገቡ ስላሳዩት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ጫማዎን፣ ሰዓትዎንና ሞባይልዎን አውልቀው ለባለቤትዎ እንዳስያዙ ያዩ ሰዎች ነግረውኛል። ማተብ ግን አይፈታም፤ ሪሞቷን ከክሩ ላይ ፈትቶ ለሚስት እንኳ ማስያዝ ደግሞ የእርስዎ ኃላፊነት የሚፈቅደው አልሆነም። ስለዚህ አብራችሁ ተጠመቃችሁ። በዚያ ጠበል ብዙ ሕመምተኛ ሲፈወስ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባትሪ ያለው ዕቃ ግን ከገባ አይድንም። ፀሐይ ላይ አሰጧት፣ ባትሪ ቀየሩላት፣ እምቢ አለች። አምቡላንሱም ውስጥ እንዳለ በሩ ተዘግቶ ቀረ።

፫ኛ. የጋራዡን የጎን በር በብሎኬት ስላስደፈኑት አመሰግናለሁ። ሞተሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲስቡት በሩን ነፃ የሚያወጣ ቀይ ገመድ አለ፤ ገመዱ ያለው ውስጥ ነው። ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ትንሽ በር እርስዎ ለጥበቃ አይመችም ብለው ቀድመው አስደፍነውታል። ጥበቃው በእርግጥም የተዋጣለት ሆኗል፤ ሌባም፣ ሾፌርም፣ ሐኪምም አልገባበትም።

፬ኛ. ለመንግሥት ንብረት ስላለዎት ፍቅር በተለይ አመሰግናለሁ። ምናለ ደብረ ማርቆስ ወርዶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡትን ጠይቆ ነበር። የነገሩት ነገር ቀላል ነው። አዲሶቹ ሪሞቶች ከእንዲህ ዓይነቱ አሮጌ ሞተር ጋር አይግባቡም፤ ነገር ግን የድሮው ዓይነት ሪሞት አንድ ሱቅ ውስጥ ተገኝቷል። ሆዱ ውስጥ በመደዳ የተደረደሩ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉት፤ እነሱን በሞተችው ሪሞት ውስጥ እንዳሉት፣ ከፊሉን ወደ ላይ ከፊሉን ወደ ታች ማድረግ ብቻ ነው። ለዚህም የሞተችውን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ የያዛት አንዲት ብሎን ናት። የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ዘሪቱ ግን፣ የንብረት ቁጥር የተጻፈበት ዕቃ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ እንዳይፈታ ከእርስዎ መታዘዛቸውን ገለጹልን። የኮሚቴው ሰብሳቢ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ደግሞ ሥልጠና ላይ ነበሩ።

በዚህ መካከል፣ በጥቅምት፣ የብርጓልን ምጥ ያዛት።

ማኅበርተኛው ማሳውን ትቶ መጣ። ወንዙን ተሻግረን፣ ዳገቱን ወጥተን ጤና ጣቢያው አደረስናት። አዋላጇ ያለምወርቅ አይታት ልጁ በእግሩ እየመጣ መሆኑን፣ እዚህ እንደማይቻልና ፈጥና ሆስፒታል መድረስ እንዳለባት ነገረችን። ቃሬዛውን ጋራዡ በር ፊት አሳረፍነው፤ አምቡላንሱ ከቆርቆሮው በዚያ በኩል፣ የብርጓል በዚህ በኩል። የዚያን ቀን እንደ ዕድል መብራት እንኳ ነበረ። ምናለ ድጅኖ ይዞ ሲመጣ፣ ዘበኛው በሩን የነካ በመንግሥት ንብረት ላይ ጉዳት በማድረስ እንደሚከሰስ የሚያስጠነቅቀውን የእርስዎን ትእዛዝ እያፈረ አሳየው። ስደውልልዎ በትሕትና አንሥተው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ስብሰባ ላይ መሆንዎን፣ ኮሚቴው ሰኞ እንደሚቀመጥና እስከዚያ በሩን ማንም እንዳይነካ ነገሩኝ። የብርጓል ሰምታ ኖሮ፣ ቃሬዛው ላይ እንደተኛች፣ ሰኞ ስንት ቀን ቀረው ብላ ጠየቀችኝ።

መልሰን ተሸክመናት አስፋልት ወጣን። ከአማኑኤል ከተማ እህል ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ ቆሞልን ከጆንያዎቹ ላይ አስተኛናት። ሆስፒታል ደርሳ ወንድ ልጅ ተገላገለች። አላለቀሰም። ሐኪሙ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን ብሎ ጀመረና፣ ፊቴን አይቶ የቀረውን ተወው።

ክቡር ሆይ፣ አክብሮቴን ለአንድ አፍታ መሬት ላስቀምጠውና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደምጠላዎት ልንገርዎ። የንስሐ አባቴም ያውቃሉ፤ ይቅር እንድል መክረውኛል፣ እስካሁን አልቻልኩም። ባለቤቴ ጡቷ ወተት አግቶ፣ የሚጠባ ጠፍቶ፣ ደረቷ በጨርቅ ታስሮ ስትንሰቀሰቅ ያደረች ሴት ናት። አሁን አክብሮቴን አንሥቼ ወደ ምስጋናዬ እመለሳለሁ።

፭ኛ. በኅዳር ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች አምቡላንሱን ሊጎበኙ በመጡ ጊዜ ስላሳዩት ቅልጥፍና አመሰግናለሁ። ስንጠብቀው የነበረው ሰኞ በዚያን ጊዜ ረቡዕ ዋለ። ኮሚቴ ሳይጠራ፣ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ፣ ብሎኗ በእርስዎ እጅ በቢላዋ ጫፍ ተፈታች፤ የውስጧ አደራደር ከደብረ ማርቆስ በመጣው ሪሞት ላይ ተገለበጠ፤ እንግዶቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ በሩ ወደ ላይ ተሳበ። አጨበጨቡልዎት አሉ። ያ ሪሞት ባለቤቴ በምታምጥበት ቀንም እዚያው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ቢላዋውም ወጥ ቤት ነበር። ያልነበሩት እንግዶቹ ብቻ ናቸው።

፮ኛ. አዲሱንም ሪሞት ከማተብዎ ጋር አስረው ስላጠለቁት አመሰግናለሁ። ጳጉሜንም ትመጣለች።

ልመናዬ አጭር ነው። ሪሞቱን ለምናለ ይስጡት፤ ሁለተኛ አስመስለው ያሠሩና ዘበኛው ዘንድ ይቀመጥ፤ የጎኑን በር የደፈነውን ብሎኬት ያስፈርሱ። ማፍረሱን ማኅበራችን በነፃ ይሠራል። ከእኛ መንደር በዚህ ወር የሚወልዱ ሴቶች አሉ፤ አንዷ የማኅበራችን ዳኛ የየሺዋስ ሚስት መቅዲ ናት። ያኔም በሩ ፊት እንደገና የምንቆም ከሆነ፣ ትእዛዝዎን ካነበብን በኋላ ድጅኖውን የሚይዘው ምናለ ሳይሆን እኔ እሆናለሁ፤ ለክሱ እንዲመች ስሜን ከእነ አባቴ ከላይ አስፍሬልዎታለሁ።

የእርስዎንና የአንገትዎን ጤንነት ዘወትር የምመኝ፣ በትከሻው እስከ ደጅዎ ደርሶ በትከሻው የተመለሰ፣

አበረ ወልደ ገብርኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማኅበራችን ደንብ መሠረት ትከሻውን ሰጥቶ የማያውቅ ሰው ሲታመም ማኅበርተኛው አይሸከመውም። እርስዎ አንድም ቀን ተሸክመው ስለማያውቁ ጉዳይዎ በስብሰባ ታይቶ፣ ያለ አንዳች ተቃውሞ የተለየ ውሳኔ ተሰጥቶዎታል፤ የታመሙ ዕለት ካሉበት ድረስ መጥተን እንሸከምዎታለን። ትከሻ ለመቀያየር የምናሳርፍዎት ጋራዡ በር ፊት፣ የብርጓል በተኛችበት ቦታ ነው። ለመክፈቻው አይጨነቁ፤ አንገትዎ ላይ ስለሆነ እርስዎ ተኝተው ይጫኑታል፣ እኛም ቆመን ሰኞን እንጠብቃለን።