ተራራ ያላየችው ምድጃ

ጥቅምት 7
ለጋዜጣችን የዓርብ የእግር ተጓዦች አምድ ሦስት የጉዞ ምድጃዎች ወጥ ቤት ደርድሬ ውኃ አፈላሁባቸው። ትንሿ ባለ ጋዟ ቀደመች። ከብርቱካን አትከብድም፣ ኪስ ትገባለች። እሷን መረጥኩ። ጽሑፉ ግን ደረቀብኝ... "ተራራ ላይ፣ በብርድና በነፋስ ፈትኛታለሁ" የሚል መስመር ጨመርኩ። ተራራ ከወጣሁ ስንት ዓመቴ? አዘጋጁ "እጅህ ይባረክ" አለኝ።

ጥቅምት 12
ታናሽ እህቴ ደወለች።
"ጋሼ፣ ያችን ምድጃህን ገዛኋት! ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር እንወጣለን። ባለ ቤንዚኑ ይሻላል ሲሉኝ፣ ወንድሜ ተራራ ላይ ፈትኗታል ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው።"
ያኔ መናገር ነበረብኝ። "ጥሩ አደረግሽ" አልኳት። ምን ነካኝ?

ጥቅምት 19
እህቴ መጣች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ጫፍ ላይ ጋዙ በብርድ ደክሞ እሳቱ ጠፋ። ሩዙን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈው ቆረጠሙት። አንዷ ጓደኛዋ በብርድ እግሯ ተሳስሮ ተሸክመው አወረዷት። አሁን ተሽሏታል።
"አያያዙን ሳላውቅበት ቀርቼ ነው አይደል፣ ጋሼ? ልጆቹ አኩርፈውኛል። አንተ እንዴት ነበር ያቀጣጠልካት?"
"በ... በድንጋይ ከልዬ።"
ሁለተኛ ውሸት። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ጥቅምት 20
የዋሸሁት እኔ፣ የተዋረደችው እሷ።

ጥቅምት 21
የምድጃዋ እሳት ተራራ ላይ እንደጠፋ ለአዘጋጁ ነገርኩት።
"ጋዝ በብርድ ይደክማል ብለህ አርመውና በቃ። ራስህን ለምን ታስጨንቃለህ?"
"ተራራ አልወጣሁማ!"
"ሠላሳ ዓመት ሠርተህ..." ብሎ አልጨረሰውም።
ከሥራ ቀጥታ እህቴ ጋ። ቆሜ ነገርኳት። ተቀመጥ አላለችኝም።
"ልክ እንዲህ አድርገህ ጻፈው" አለች፣ "ቆርጬ ለልጆቹ አሳያቸዋለሁ።"

ጥቅምት 23
ማረሚያው ወጣ። "ምድጃዋን የሞከርኳት ወጥ ቤቴ ውስጥ ነው። ተራራ አልወጣሁም።" ከሥሩ ስሜ። ሊፍት ውስጥ የጋዜጣው ፎቶ አንሺ ሰላም ብሎኝ ወደ ጫማው አየ። አምዱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይገባኛል።

ኅዳር 9
እህቴ ብቅ አለች። ልጆቹ ታርቀዋታል፣ ቅዳሜ እንደገና ይወጣሉ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ያቺ ተሸክመው ያወረዷት ጓደኛዋ እንዴት እንደምትቀልድባት አወራችኝ። ሳቅን እንኳ። ሌላ ምድጃ ገዝታለች፤ ባለ ሱቁን ደጅ አውጥታ፣ ነፋስ ላይ አስለኩሳው።
የትኛውን እንደገዛች አልነገረችኝም። ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ... ዘጋሁት።