ውሃው የደረሰበት መስመር

አሌክሳንድሪያ፣ መስከረም 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሂዊ፣

በዚያ በሴኡል የሚያይሽን ሰው ሁሉ ወዳጅ ያድርግልሽ፤ እመቤቴ ከክፉ ትጠብቅሽ። «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፣ ግን አልዋሽሽም።

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ አላባራ ብሎ ወንዙ ሞላና ከቤቱ ሥር ያለው ቤዝመንታችን ገባ። ምንጣፉም ልብስ ማጠቢያውም ተበላሹ። አባትሽ በየልደትሽ ቁመትሽን በእርሳስ ያሰመረበትን ግድግዳ ታስታውሻለሽ? ውሃው የአምስት ዓመትሽ መስመር ላይ ደረሰ። አምና የነካው የሦስት ዓመትሽን ነበር።

«የጎርፍ ኢንሹራንስ እንግዛ፣ ካልሆነም ቤቱን ሸጠን ስካይላይን የሚባለው ፎቅ ላይ እንከራይ» ስለው፣ አባትሽ «ሚካኤል በራችን ላይ ቆሞ ምን ያስፈራሻል?» ይለኛል። ሥዕሉን የሰቀልኩት እኔ ነኝ! ሚካኤል መቼ ነው ኢንሹራንስ አትግዙ ያለው? እኔ እንደሆን ደመና ባየሁ ቁጥር ወርጄ ያንን ግድግዳ አያለሁ።

እባክሽ ኮል አድርጊውና በእንግሊዝኛ ንገሪው። እኔ በአማርኛ ስነግረው ጭቅጭቅ ይመስለዋል፤ ያንቺን እንግሊዝኛ ግን እንደ ሕግ ነው የሚሰማው።

ለዚህ ያደረሰሽ አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው። አንቺ ማደግ ካቆምሽ ቆየሽ፣ ልጄ፤ ውሃው ግን ገና እያደገ ነው።

እናትሽ ዘነበወርቅ