የጠቀለልካትን ወፍ ሰቀልኳት

ይድረስ ለሉዊ፣ ለቤቴ አባወራ፤

ለጤናህ እንደምን ነህ ብዬ እንዳልጀምር ከጤናም ከሕመምም ወዲያ ሄደሃል። ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ደብረ ማርቆስ እንደምታውቃት ናት፤ ሰኔ ገብቶ ብርዱ ጀምሯል። በራችን ድረስ ኮብልስቶን ስለተነጠፈ፣ ጫማ አውልቁ እያልክ እንግዳ የምታሳቅቅበት ጭቃም ቀርቷል።

ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ለማዘግየት ነው። አፍሬ ነው፣ ሉዊ። ሥዕልህን አበላሸሁብህ።

ጎረቤት ባልሽ ምን ሠርቶ ያደረ ሰው ነው ሲለኝ፣ ፓሪስ ላይ ዕድሜውን ሙሉ የጃፓንን ሥዕል ታሪክ ሲያጠናና ሲያስተምር ኖረ ማለት ከብዶኝ ዶክተር ነው እል ነበር። አልዋሸሁም፤ ግን ሰው ሆዱን ይዞ በራችን ላይ ይሰለፍ ጀመር። አንተም ሁሉንም የዝንጅብል ሻይ አጠጥተህ ትሸኝ ነበር።

ለተዝካርህ ግን እውነተኛ ሥራህን አገር እንዲያይልህ ፈለግሁ። ከጃፓን ያመጣሃትን፣ ዝናብ ውስጥ የቆመችውን ወፍ ከሣጥን አወጣሁ። ረጅሙ የሐር ጥቅል ለግድግዳችን አልመች ቢለኝ፣ ለሟች ፎቶ እንደምናደርገው ፍሬም ቤት ወሰድኳት። ሰውዬው ዳር ዳሩን ሐር ቆረጠ፣ የእንጨት ዘንጉን ነቀለ፣ ሥዕሏን ጣውላ ላይ በኮላ ለጥፎ መስታወት አለበሳት። ከፎቶህ ጎን፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ሰቀልኳት። የመጣው ሁሉ አደነቀ፤ እኔም ኮራሁ።

ባለፈው ሳምንት ተማሪህ የነበረች አንዲት ሴት ከፓሪስ መጣች። ሥዕሏ ፊት ቆማ የመስታወቱን ዳር ዳር አየች። ከዚያ በቀስታ ነገረችኝ፤ ሐሩና ሥዕሉ አንድ አካል ነበሩ፣ ኮላው አይለቅም፣ ቀለሙንም ፀሐይ በልቶታል። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ባላውቅ ኖሮ ባልከፋኝ። አንተ ወፊቱን የምትዘረጋት ሐምሌ ላይ ነበር፤ መስከረም ሲጠባ ጠቅልለህ ታስገባታለህ። መሬት እንደሚያርፍ ሥዕልም ያርፋል ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ንፉግ፣ ለዓይንም የምትሰስት እያልኩ አሾፍብህ ነበር።

እዚህ አገር ያስቀረህም እኮ ይኸው ነው። ጡረታ ወጥተህ አገር ልታይ በመጣህ ጊዜ፣ ይጁቤ አጠገብ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ይዤህ ሄድኩ። ቄሱ መጋረጃውን ገልጠው የመቅደሱን ሥዕል ጥቂት አሳዩህና መልሰው ከደኑት። አንተ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠህ አለቀስክ። ጃፓን ድረስ ሄጄ የተማርኩትን እዚህ ሰው ሳያስተምራቸው የሚያደርጉ ሰዎች አገኘሁ አልክ። የመጨረሻ መጽሐፍህን የጻፍከው ስለዚያ መጋረጃ ነው። እዚያ መጋረጃ ሥር ያደግሁት እኔ፣ ወፍህን ዓመት ከዓመት ፀሐይ ላይ አሰጣኋት።

ተማሪህ ስትሄድ ጋቢህን አወጣሁ። እንደ ማስታወሻ አልጋዬ ራስጌ ያኖርኩት ነበር፤ ቆርጬ መጋረጃ ሰፋሁበት። አሁን ወፊቱ ተከድናለች። ሐምሌ ዝናቡ ሲጠና ገልጬ፣ ቀለሟ የለቀቀውን አንተ እንዳሳየኸኝ አስታውሼ በልቤ እሞላዋለሁ፤ መስከረም ሲጠባ እከድናታለሁ። ዓይኔ እስካለ ድረስ እንዲሁ አደርጋለሁ።

ትናንት ጎረቤቶቼ ግለጪልን አሉኝ። ሐምሌ ኑ አልኳቸው። ንፉግ ብለውኝ ሄዱ።

ያንተው አልጋነሽ