ነጎዴ ከተሸጠች በኋላ

ረቡዕ

አንድ ሰው የለም። አንድ! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ድንች ልጭን የአምባራስ መንደር መታጠፊያው ላይ ስደርስ ድንቹ በጆንያ ተሰፍቶ፣ ሰዎቹ ጆንያው ላይ ቁጭ ብለው ነበር የሚጠብቁኝ። ዛሬ አዲሷን የኤሌክትሪክ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ይዤ ወጣሁ፤ ያገኘሁት ዝንጀሮ ብቻ ነው። ዝንጀሮዎቹም ቀና ብለው አዩኝና ሣራቸውን መንጨት ቀጠሉ። ከመንገድ እንኳ አልተነሡልኝም።

ጥሩምባ እንዳልነፋ ቦታው የዱር አራዊት ፓርክ ነው፤ ክልክል ነው። እንዳልደውል ኔትወርክ የለም። መንደሩ እንዳልወጣ የአንድ ሰዓት ዳገት ነው፤ አዲስ መኪና ሜዳ ላይ ጥዬ የት እሄዳለሁ? ጉሙ እስኪወርድ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ባዶዬን ደባርቅ ገባሁ።

ነገሩ ገብቶኛል። ያ የዳባቱ ድንች ነጋዴ፣ ተፎካካሪዬ፣ ሰሞኑን አምባራስ ወጥቷል ሲባል ሰምቻለሁ። አባ ሙሉን አግባብቷቸዋል ማለት ነው። አባ ሙሉ ቄስም የመንደሩ ሽማግሌም ናቸው፤ እሳቸው ከዞሩ ሁሉም ይዞራል። የአምባራስ ድንች ከቀረብኝ ደግሞ እኔ ደባርቅ ላይ ምን ነኝ? ባዶ መኪና የምነዳ ሴት።

ሐሙስ

መብራት የለም። ከጠዋት ጀምሮ የለም። ዛሬ ተመልሼ ወጥቼ አፋጥጣቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ ባትሪው ደርሶ መልስ አይበቃም።

ነጎዴን፣ ያቺን አሮጌ ፒካፔን የሸጥኳት እኮ በናፍጣ ሰልፍ ተቃጥዬ ነው። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ማደያ በር ላይ። ምሳዬ እዚያ፣ ሶላቴ እዚያ። ከሰልፍ ተገላገልኩ ስል አሁን ደግሞ ሶኬት ፊት ለፊት ተቀምጬ ግድግዳ እጠብቃለሁ።

ሁሉም አናዶኛል። የዳባቱ ነጋዴ። አባ ሙሉ። መናኸሪያ ያሉት ሾፌሮች፣ መኪናዬን «ፍሪጅ» ብለው ስም ስላወጡላት። ባሌ ኑሩ፣ «እኔ ምን ብዬሽ ነበር?» ስላለኝ። ምንም አላለኝም! ስገዛት ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «እንደወደድሽ» ነው ያለኝ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ መብራት መጣ። ሰካኋት። ነገ ገበያ ነው፤ አባ ሙሉ ሳይወርዱ አይቀሩም። የምናገረውን ቀኑን ሙሉ በሆዴ ሳሰላስል ዋልኩ። ወጡን አሳረርኩት።

ቅዳሜ

ተናገርኳቸው።

ገበያው መሐል፣ በቅሏቸውን ይዘው፣ ከማን ጋር ቆመው አገኘኋቸው? ከዳባቱ ነጋዴ ጋር! ደሜ ፈላ። ሰላም እንኳ አላልኳቸውም። «አባ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት እንጀራ እንዲህ ይካዳል? መስቀል ይዞ ክህደት እንዴት ያምርብዎታል?» አልኳቸው። መስቀል ይዞ አልኩ። እኔ ዘይነብ! ሽንኩርት ሻጮቹ ሚዛናቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

አባ ሙሉ ፊቴን አተኩረው አዩት። «ደህና ነሽ ማለት ነው፤ ተመስገን» ብለው በቅሏቸውን እየሳቡ ወደ ወፍጮ ቤት ሄዱ። ይኼ ደግሞ ይባስ አናደደኝ። ምን ማለት ነው ደህና ነሽ?

ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ በገብስ ጭድ የተጠቀለለ እንቁላል አየሁ። ኑሩን ማን አመጣው አልኩት።

«አባ ሙሉ ናቸው። አንቺ እንደወጣሽ መጡ። ረቡዕ ነጎዴን ሲያዳምጡ ውለው ድምጿ ሲጠፋባቸው፣ ታማ ነው እንጂ ዘይነብ አትቀርም ብለው ሊጠይቁሽ። ድንቹንም ለዳባቱ ነጋዴም ሆነ ለማንም አልሰጠንም፣ እስክትድን ይቆያታል ብለዋል።»

ቁጭ አልኩ።

ድምጿ። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ከተቀደደ ስንት ዓመቱ! ከታች ከዳገቱ ጀምራ ስታጓራ ነው እኮ ጆንያቸውን ተሸክመው መውረድ የሚጀምሩት፤ እኔ መታጠፊያው ላይ ስደርስ እነሱ ወርደው ቁጭ ብለዋል። እንደ ነጎድጓድ ስለምትጮኽ ነጎዴ ያሏትም እነሱ ናቸው። እኔ ረቡዕ ድምፅ በሌላት መኪና ሄጄ፣ ድምፅ በሌላት መኪና ተመለስኩ። እሳቸው ያን ሁሉ መንገድ እንቁላል በእጃቸው ይዘው ወረዱ። እኔ ሰው ፊት ከሃዲ አልኳቸው።

እሑድ

እንቁላሉን ማንም እንዳይነካ ብያለሁ። ኑሩ ሊቀቅል ሲነሣ ጮኽኩበት። ዛሬ በማንም አልተናደድኩም፤ በራሴ ነው። ይቺ ምላሴ! እናቴ በቁሟ እያለች ስንት ጊዜ ነገረችኝ።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ መሄድ አይሆንም። ግቢውን ስጠርግ የነጎዴን ትርፍ ቸርኬ፣ የጎማዋን ብረት፣ አገኘሁት፤ ዶሮዎቹ ውኃ ይጠጡበታል። ተማሪ ቤት ሳለን ደወላችን ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ቸርኬ ነበር። ክልክሉ ጥሩምባ ነው፤ ስለ ቸርኬ የተናገረ የለም። አጥቤ ጫንኩት። ነገ መታጠፊያው ላይ ሰቅዬ እመታዋለሁ፣ መድረሴን ይሰማሉ፤ አባን ደግሞ ለብቻቸው ከመኪናው ጀርባ ወስጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ሰው ሳይሰማ።

ሰኞ

ቸርኬውን ኮሶው ዛፍ ላይ በሰንሰለት አንጠለጠልኩትና በጎማ መፍቻ ደበደብኩት። ገደሉ ሁሉ ጮኸ። ዝንጀሮዎቹ በረገጉ። ደስ አለኝ፤ እንደ ድሮው ፈሩኝ።

ብዙም ሳይቆይ አምባራስ በሙሉ ወረደ። ወንዶቹ መጥረቢያና ዱላ ይዘው። ሴቶቹ ውኃ ተሸክመው። አንዷማ ነጠላዋን ለልቅሶ አዘቅዝቃለች። «እሳቱ የታለ?» «ማነው የሞተው?» ለካ እዚያ ብረት የሚመታው ለእሳትና ለመርዶ ብቻ ነው! መፍቻውን ከኋላዬ ደበቅሁት።

አባ ሙሉ መጨረሻ ላይ ደረሱ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው። ከመኪናው ጀርባ ልወስዳቸው ፈለግሁ። የት ልወስዳቸው? መንደሩ ከቦን ቆሟል። ስድቡስ ሰው ፊት አልነበረም? እዚያው ጎንበስ አልኩ።

«አባ፣ ቅዳሜ ገበያ መሐል የተናገርኩዎት ሁሉ ሐሰት ነው። የመጣሁት በዚህች መኪና ነበር፤ ድምፅ የላትም። ይቅር ይበሉኝ።»

ወደ መኪናዋ ሄደው የነጎዴ ሞተር የነበረበት ቦታ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ፤ ሞተር ግን እዚያ የለም።

«ረቡዕ እዚህ ቆመሽ ነበር?»

«ቆሜ ነበር፣ አባ።»

«እኛም እዚያ ተቀምጠን ነበር» አሉ ዳገቱን እያሳዩ። ውኃ የተሸከመችው ሴት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም። «ሹልክ በሏት!» አለች። ይኸው፣ መኪናዬ ሹልክ ሆና ቀረች። ከፍሪጅ አይሻልም።

ስድስት ጆንያ ወረደልኝ። የአባ ሙሉ ጆንያ ግን የለበትም። መጠየቅ ፈርቼ ሰንሰለቱን ስፈታ አጠገቤ መጡ።

«የእኔ ጆንያ የሚወርደው ረቡዕ ነው። ቀንሽ ረቡዕ አይደለም? ብረቱን ግን ውሰጂው።»

«ታዲያ በምን ይሰሙኛል፣ አባ?»

«እዚሁ መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። በዚያ ጉልበታቸው፣ በዚያ ብርድ፣ መንገድ ላይ ቁጭ ሊሉ! እስክወርድ ድረስ በንዴት አለቀስኩ። ቻርጅ አድርጌያታለሁ፤ መብራት እስካሁን አለ። ረቡዕ ከእሳቸው ቀድሜ እደርሳለሁ።