ድምፅ ማጉያው ፊት በክብር ስላስቀመጧት እናቴ

ለተከበሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የማኅበራዊ ኃላፊነት መምሪያ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ደኅና ነው? እኔ ከፋብሪካዎ አጥር ጀርባ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር፣ ዕድሜዋን በሽመና ክፍልዎ የጨረሰች የአንዲት ጡረተኛ የበኩር ልጅ ስሆን፣ ጆሮዎን ጨምሮ መላ አካልዎ ጤናማ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ጉዳዬን በአደባባይ ማቅረቤ ከድፍረት ሳይሆን፣ በአካል በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ ነው።

አንደኛ፣ ባለፈው ወር ለጡረተኞች ስላዘጋጁት የሙዚቃ ድግስ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እናቴን ከፊተኛው ረድፍ፣ ቁመቱ እሷን ከሚያስንቅ ድምፅ ማጉያ ሥር በክብር አስቀመጧት፤ የፋብሪካው ስም ያለበት ካኔቴራና ጃንጥላም ሰጧት። እኛን ጩኸቱ ሲያናውጠን እሷን ቅንጣት አልረበሻትም፤ የሽመና ማሽኖችዎ ጆሮዋን ከወሰዱት ቆይተዋልና። ዘፋኙ ምን እንደሚል ብትጠይቀኝ፣ ከንፈሬን አይታ እንድትረዳ ግጥሙን ቃል በቃል ነገርኳት። እኔ ሳጨበጭብ አይታ አጨበጨበች፤ ፎቶ አንሺዎም ያቺን ሰዓት አላለፋትም። አሁን በፋብሪካው በር ላይ፣ በደስታ የፈነደቀች ተብላ ተሰቅላለች።

ሁለተኛ፣ ስለ ልጄ። አፉን ከፈታ ቆይቷል፤ ወሬው ደግሞ አያልቅም። አያቱን ከኋላዋ ሆኖ ጠርቶ ጠርቶ ሲሰለቸው ቀሚሷን ይጎትታል። እናቴ የእኛን ከንፈር ማንበብ ብትለምድም የሕፃን ከንፈር ስላልሆነላት፣ ልጁ መናገር አልቻለም ብላ በጭንቀት ከረመች፤ ሐኪም ቤት ውሰጂው እያለች ስትለምነኝም ነበር። ያወራል እኮ እማዬ፣ ሲያወራ ነው የሚውለው ያልኳት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም፣ አብሬያት አለቀስኩ።

ሦስተኛ፣ የቢሮዎ መስኮት ባለ ሁለት መስታወት መሆኑን በማየቴ እንዴት ደስ አለኝ መሰልዎ! ስብሰባ ላይ መሆንዎን ልትነግረኝ ጸሐፊዎ ወደ ውስጥ አስገብታኝ በሩን ስትዘጋው የማሽኑ ድምፅ እልም አለ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ማለት ይኸው ነው። ጩኸትን መከልከል እንደሚቻል ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅሁት እዚያ ቆሜ ነው።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ታናሽ እህቴ እናታችን ዕድሜ ልኳን በቆመችበት ማሽን ላይ ተቀጥራለች። እናታችን እባክሽ ይቅርብሽ ብላ እግሯ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት፤ ግን ሌላ ሥራ ከየት ይምጣ? እህቴ የጆሮ መከላከያ ብትጠይቅ አለቃዋ የዘንድሮው በጀት ለድግሱ ውሏል አሏት። ስለዚህ ከወለሉ ጥጥ ለቅማ እየጠቀለለች ጆሮዋ ውስጥ ትወትፋለች። ጌታዬ፣ ለእናቴ ከእንግዲህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ እህቴን ግን ይድረሱላት። ዘፋኙም ይቅር፣ ጃንጥላውም ይቅር፤ ለእሷና አብረዋት ለሚቆሙት ልጆች ጆሯቸውን የሚሸፍኑበት ነገር ይስጧቸው። እለምንዎታለሁ።

ውለታዎን በቤታችን ውስጥ ዕለት ዕለት፣ አንዳችን ለሌላችን በጩኸት እያነሳን የምንኖር፣
የሽመና ሠራተኛዋ ልጅ፣ የሽመና ሠራተኛዋም እህት፣
አክባሪዎ ልብስ ሰፊ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት እህቴ እንድታርመኝ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አነበብኩላት፤ እስከ አራተኛው ድረስ አንድም ሳያመልጣት ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ከዚያ ብርሃን ፍለጋ ፊቴን ወደ መስኮቱ ባዞር፣ ወደ እኔ ዙሪልኝ፣ አልሰማሁሽም አለችኝ።